የአያትህን ባለ ሁለት አፈሙዝ ከመወልወልህ በፊት ለካው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው ወሎ ውስጥ፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው ያለው። የድሮውን ሳር ቤት ሲያፈርሱ ከጣሪያው ስር በጆንያ የተጠቀለለ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አገኙ። የአያቱ ነው። ጥቀርሻ ለብሷል፣ ዝጓል፣ ግን ይከፈታል። ወንድሙ «በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን እናብራው» ይላል። አጎቱ ደግሞ «ጥር ላይ ለሰርጉ እንተኩስበታለን፣ ጥይቱን እኔ አመጣለሁ» ብለዋል። እሱ የሚጠይቀው እንዴት እንደሚጸዳ፣ ይተኮስ እንደሆነ፣ ማሽላውን ከዝንጀሮና ከጃርት ለመጠበቅስ ይሆን እንደሆነ ነው።

ወንድሜ፣ ሦስት ነገር ጠይቀሃል፣ መልሱ ግን አንድ ቦታ ነው የሚጀምረው። ጠመንጃው ምን እንዲጎርስ ተደርጎ እንደተሠራ ሳታውቅ አትወልውለው፣ አትተኩስበት። የድሮ ባለ ሁለት አፈሙዝ በእርጅና ብቻ ሲበላሽ ብዙም አላየሁም። የሚያበላሹት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ለማሳመር የሚፈገፍገውና ያልተሠራለትን ጥይት የሚያጎርሰው። እናንተ ቤት ደግሞ ሁለቱም አሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ወንድምህን ያዝልኝ። የብርጭቆ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

የፈቃድ ወረቀቱን ጉዳይ ቶሎ ልጨርሰው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ያስከስሳል። «የድሮ ነው፣ የአያቴ ነው» የሚል ነገር አያድንህም። አያትህ ወረቀት ነበራቸው ማለትም ላንተ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ጠመንጃውን ቤት ቆልፈህበት ባዶ እጅህን ወረዳ ፖሊስ ሂድ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተገኝቷል ብለህ አሳውቅ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እነሱ ይንገሩህ። ጆንያ ውስጥ ከትተህ ሚኒባስ ላይ ጭነህ ደሴ እንዳትመጣ ብቻ። ኬላ ላይ «ለጥገና እየወሰድኩት ነው» ብትል ማን ይሰማሃል? ከዚህ በታች የምነግርህ ሁሉ ይሄ ካለቀ በኋላ የሚሆን ነው።

አሁን ወደ ብረቱ። ይከፈታል ብለሃል፤ ውስጡን ግን አይተኸዋል? የድሮ ሰው የቤት ጠመንጃ ሳያጎርስ አይሰቅልም ነበር። ጅብ ሲመጣ፣ ሌባ ሲመጣ ጥይት ፍለጋ የሚሯሯጥ አባወራ የለማ። አፉን ሰው ወደሌለበት፣ ወደ መሬት አዙረህ ክፈተው፣ ሁለቱንም ቤት፣ ማለትም ጥይት የሚጎርስባቸውን ቀዳዳዎች፣ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ጥይት ተጣብቆ ከቀረ ከፊት በኩል ዘንግ ከትተህ እንዳትደበድበው። ዘግተህ አስቀምጠውና ለፖሊሶቹ ያንኑ ንገራቸው፤ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ የሚያራግፍ ሰው አላቸው። ባዶ ከሆነ ቀጥል። መዶሻዎቹ ከውጭ የሚታዩ ከሆኑ ምላጩን እየሳብክ ቀጭ ቀጭ እያደረግህ አትጫወት። ጥይት በሌለበት ሲመታ መርፌው ይሰበራል፣ ለዚህ ዓይነት ጠመንጃ ደግሞ መለዋወጫ መርካቶም አታገኝለትም።

ባዶነቱን ካረጋገጥህ የፊት እንጨቱን አውጣ። ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ ቁልፍ ወይም የምትገፋ ሽብልቅ አላት። ከዚያ ከፍተህ አፈሙዞቹን ከገላው ላይ ታላቅቃቸዋለህ። ገላው የምለው ምላጭና መዶሻ የተሰካበትን የመሐሉን ብረት ነው። አፈሙዞቹን ገልብጥ፤ ከኋላ በኩል፣ ጥይት ከሚጎርስበት ጫፍ ስር፣ ጠፍጣፋ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ጥቃቅን ማህተሞች ታያለህ። ጥቀርሻውን በነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ቀስ ብለህ አንሳውና በስልክህ ከቅርብ ፎቶ አንሳ። የጠመንጃው መታወቂያ ይሄ ነው። የብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ የሚያጠፋውም ይሄንኑ ነው።

በእጄ ካለፉት ብዙዎቹ የቤልጅግ፣ የሊዬዥ ከተማ ሥራ ናቸው። ሊዬዥ ከእ.ኤ.አ. 1672 ጀምሮ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት ያላት ከተማ ናት። አፈሙዙ ከሚጠበቅበት በላይ ባሩድ ተደርጎበት ይተኮሳል፣ ከቻለ ማህተም ይመታበታል፣ ካልቻለ ይጣላል። ሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደሎች ካየህ የሊዬዥ ነው። ከሞላላው በላይ ዘውድ ካለ ከእ.ኤ.አ. 1893 ወዲህ የተፈተነ ነው፤ ዘውድ ከሌለው ከዚያ በፊት ነው። ዋናው ግን ሌላ ነው። በኋላ እግሩ የቆመ አንበሳ ከስሩ ፒ እና ቪ የሚሉ ፊደሎች ያሉት ማህተም ፈልግ። አንበሳው ካለ በጭስ አልባ ባሩድ ተፈትኗል ማለት ነው። ከሌለ፣ የተፈተነው በጥቁር ባሩድ ብቻ ነው ብለህ ተነሳ። የእንግሊዝ ከሆነ ደግሞ የበርሚንግሃም ወይም የለንደን ማህተም ይኖረዋል፤ ከኋለኞቹ ብዙዎቹ ላይ «ናይትሮ» የሚል ቃል ከነስሙ ተጽፎ ታገኛለህ፣ ያም ጭስ አልባውን የሚመለከት ነው።

ጥቁር ባሩድና ጭስ አልባ ባሩድ ሁለቱም ባሩድ ተብለው አንድ አይደሉም። ጥቁሩ ጭሱ ብዙ፣ ግፊቱ ረጋ ያለ ነው። ዛሬ በሱቅ የሚሸጥ የአደን ጥይት በሙሉ ማለት ይቻላል ጭስ አልባ ነው፣ ግፊቱም ለዛሬ ብረት የተለካ ነው። አጎትህ «ጥይቱን እኔ አመጣለሁ» ሲሉ ይሄኛውን ነው የሚያመጡት።

አሁን ወደ ልኬቱ እንምጣ፤ ከጽሑፌ ሌላውን ብትዘነጋ እንኳ ይሄን ክፍል ያዝልኝ።

ቁጥር 12 የሚባለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከክብደት ነው። አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 454 ግራም እርሳስ፣ ለ12 እኩል ድብልብል ተከፍሎ አንዱ ድብልብል ልክ የሚያልፍበት አፈሙዝ ቁጥር 12 ነው፤ ወደ 18.5 ሚሊሜትር። ቁጥር 16 ጠበብ ይላል፣ 20 ደግሞ የባሰ ይጠባል። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው የጥይቱ ቤት ርዝመት መለያየቱን ነው። የድሮዎቹ አብዛኞቹ 65 ሚሊሜትር ናቸው። የዛሬው ጥይት ግን በብዛት 70 ነው፣ 76 የሆነም አለ።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ካርቶኑ ላይ 70 የሚለው ቁጥር ቀለሁ፣ ማለትም የጥይቱ ቅርፊት፣ ከተተኮሰ በኋላ፣ አፉ ተዘርግቶ ሲለካ ያለው ርዝመት ነው። ከመተኮሱ በፊት አፉ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ 58 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ 65 ሚሊሜትር ቤት ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ጠመንጃውም ቀጭ ብሎ ይዘጋል። «ያው ልኩ ነው» ትላለህ። ሲተኮስ ግን የታጠፈው አፍ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፤ ወደሚጠበው አንገት ይገባና የእርሳሱን መንገድ ያጣብበዋል፣ ከኋላ ያለው ግፊት ደግሞ ይጨምራል። አንድ ጊዜ ተኩሰህ ምንም ላይሆን ይችላል። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። በየተኩሱ ግን ማጠፊያው ይላላል፣ የሳሳው ብረት ይደክማል፣ አንድ ቀን የግራ እጅህ ካረፈበት ቦታ ላይ ይቀደዳል። የግራ እጅህ ደግሞ ሁልጊዜ አፈሙዙ ስር ነው ያለው።

ታዲያ እንዴት ትለካለህ? ጠመንጃውን የትም ማንከራተት አያስፈልግህም። ቁጥር 12 መሆኑን ከማህተሙ ካረጋገጥህ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት ሂድና 20.3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የነሐስ ወይም የአሉሚኒየም ክብ ዘንግ አስወጣ፤ በላዩ ላይ 65 እና 70 ላይ መስመር ይጫርልህ። ቤትህ ተመልሰህ በእጅህ ብቻ፣ ሳትገፋ ሳትመታ ወደ ጥይቱ ቤት አስገባው። እስከ 65 መስመር ገብቶ ከቆመ 65 ነው። 70 ጥይት የሚባል ነገር ለዚህ ጠመንጃ የለም በል፣ አለቀ። ቤቱን በመሰርሰሪያ ላስረዝምልህ የሚል ባለሙያ ነኝ ባይ ቢመጣ አታስነካው፤ ብረቱ ይበልጥ ውፍረት የሚፈልገው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ከዚህም የባሰ አንድ ነገር አለ። ቁጥር 20 ጥይት በስህተት ቁጥር 12 ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ተንሸራቶ ያልፍና አፈሙዙ ውስጥ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይሰነቀራል። አልተኮሰም ብለህ ከፍተህ ስታየው ቤቱ ባዶ ነው። ቁጥር 12 ታጎርሳለህ፣ ምላጩን ትስባለህ። የሚሆነውን መናገር አያስፈልገኝም። በዘመናችን ቁጥር 20 ጥይት ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው። አጎትህ ከዚህም ከዚያም ለቃቅመው ኪሳቸው ውስጥ የቀላቀሉትን ጥይት ይዘው ከመጡ ቡና አጠጥተህ ሸኛቸው።

ልኩን ካወቅህ በኋላ አፈሙዞቹን ራሳቸውን መመርመር ነው። ውጫቸውን በደንብ እይ። ጥቀርሻው ሲነሳ እባብ ቆዳ ላይ እንዳለው የሚጠማዘዝ መስመር ከታየህ፣ ደማስቆ የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ይሄ አፈሙዝ ከአንድ ብረት የተቦረቦረ አይደለም። ቀጫጭን የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች አንድ ላይ ተገምደው፣ በእሳት ግለው፣ በዘንግ ላይ እየተጠመጠሙ ተቀጥቅጠው ነው የተሠራው። ውበቱ ያ ነው፣ ችግሩም ያው ነው። በየግጥሚያው መሐል ዝገት ገብቶ ቢበላው ከውጭ አይታይም። የደማስቆ አፈሙዝ ሁሉ ቦምብ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ እንደዚያ አልልም፣ ዛሬም በሚስማማው ጥይት የሚተኮስባቸው አሉ። ግን ተለክቶና በሚያውቅ ሰው ታይቶ እንጂ ጣሪያ ስር ተገኝቶ በሳምንቱ ሰርግ ላይ አይደለም። ያንተ ደማስቆ ከሆነ ግድግዳ ላይ ይሰቀል እላለሁ። ወንድምህ ሊፈገፍገው የነበረውም ይሄንን መስመር ነው፤ አንዴ ከጠፋ ለመመለስ አሲድና ልዩ እጅ ይጠይቃል።

ቀጥሎ ከኋላ በኩል ወደ መስኮት ብርሃን አሻግረህ አፈሙዙን ተመልከት። ውስጡ ላይ የሚታየው ጥላ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ወደ ጫፉ የሚሄድ ከሆነ ደህና ነው። አንዱ ቀለበት ተጣሞ ወይም ተሰብሮ ከታየህ እዚያ ቦታ ላይ ወይ ተጨፍልቋል ወይ አብጧል። ጣትህን በውጭ በኩል አስኪደው፣ ታገኘዋለህ። ማበጥ ማለት አንድ ጊዜ አፉ በጭቃ ወይም በጨርቅ ተደፍኖ ተተኩሷል ማለት ነው። እንደዚያ ያለውን ለማንም አላስተኩስም። ጥቃቅን የዝገት ጉድጓድ ሁሉም የድሮ ጠመንጃ ላይ አለ፤ ጥልቅ ከሆነና ከፊት በኩል፣ ብረቱ በሚሳሳበት ቦታ ላይ ከበዛ ግን ያው መልስ ነው።

ከዚያ አንድ የምወዳት ፈተና አለች። አፈሙዞቹን ብቻ፣ ከስራቸው ባለው መንጠቆ በጣትህ አንጠልጥላቸው። በሌላ እጅህ ጥፍር ወይም በትንሽ እንጨት ጫፋቸውን ነካ አድርግ። መደወል አለባቸው፤ ድምፁ ረዘም ብሎ መጥፋት አለበት። ቅኝቱ አምባሰልም ይሁን ባቲ ግድ የለኝም። ዷ ብሎ እዚያው ከሞተ ግን ሁለቱን አፈሙዞች የያዛቸው የመሐሉ ጠፍጣፋ ብረት የሆነ ቦታ ለቅቋል፣ ውስጡም ውሃ እየገባ ሲዝግ ከርሟል ማለት ነው።

ይህን ካልኩ አይቀር፣ ብየዳ ቤት እንዳትወስደው። ባለ ሁለት አፈሙዝ በቆርቆሮና በእርሳስ ቅልቅል ነው የሚጣበቀው፤ ያ ቅልቅል 200 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል። በያጁ የለቀቀውን ሊያጣብቅልህ ብሎ የቀረውን ሁሉ ያላቅቅልሃል፣ አፈሙዙንም ያጣምመዋል። በጨው የሚቀቀለው ማጥቆሪያም እንደዚሁ ማጣበቂያውን ይበላዋል። አፈሙዙን ቆርጦ ማሳጠርም ሲሆን አያለሁ። በሕግ በኩል ያለውን ትቼ በብረቱ በኩል ብቻ ብናየው እንኳ የሁለቱ አፈሙዞች መሐል አፉን ከፍቶ ይቀራል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይጠጣል።

የመጨረሻው ምርመራ መላላት ነው። የፊት እንጨቱን ሳትመልስ ጠመንጃውን ገጥመህ ዝጋ፣ ሰደፉን ብብትህ ስር አጥብቀህ አፈሙዙን ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች ነቅነቅ አድርገው። ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ወደ ብርሃን ስታሻግረው በአፈሙዙ ኋላና በገላው መሐል ብርሃን ከታየህ፣ ማጠፊያው ተበልቷል። ይሄ የሚጠገን ነው፣ ግን በስስ ቆርቆሮ ሽብልቅ አይደለም።

አሁን ማጽዳቱ። ማጽዳት የሚያስፈልገው ቢተኮስም ባይተኮስም ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም ይዝጋል። ጭስ ቤት ጣሪያ ስር መቆየቱ ምስጥና ነቀዝ ከሰደፉ አርቆለታል፣ ለዚያ አያትህ ይመስገኑ። ጥቀርሻው ግን እርጥበት ይስባል፣ ከስሩ ያለውን ብረት ቀስ እያለ ይበላዋል። አፈሙዞቹን ውስጥም ውጭም በነጭ ጋዝ አርሰህ አንድ ሌሊት ተዋቸው። እሳት አጠገብ አይሆንም፣ ይሄን መናገርም አልነበረብኝም። በማግስቱ ቀጥ ያለ፣ የተላገ የወይራ በትር ጫፍ ላይ አቡጀዲ ጠቅልለህ ከኋላ ወደ ፊት እየገፋህ ጥረግ። ዝገቱን በናስ ብሩሽ ፈግፍግ፤ የብረት ሽቦ አይደለም። ውጩን ዘይት በነካ በጣም ለስላሳ የብረት ጭድ፣ ያም ካልተገኘ በቁራጭ የናስ ሽቦ ወንፊት፣ ቀስ እያልክ አሸው። የሚነሳው ቀይ ዝገት ነው፤ ቡናማው የብረቱ የድሮ ቀለም ነው፣ እሱን ተወው። አሸዋ፣ አመድ፣ ላርጎ ምናምን አትጨምር።

ነጭ ጋዝ ያጸዳል እንጂ አይጠብቅም። ተንኖ ሲያልቅ ብረቱ ራቁቱን ነው፣ በነጋታው ቀይ ይሆናል። ስለዚህ በደረቅ ጨርቅ አድርቀህ ስስ አድርገህ የስፌት መኪና ዘይት ቀባው። የስፌት መኪና ዘይት ርካሽ ነው፣ የትም አለ፣ አይሙጭሞጭም። ቅቤ የሚቀቡ አሉ፤ ቅቤ ውስጥ ውሃና አሲድ አለ፣ ብሎም ይሸታል። የምግብ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ከነቆሻሻውና ከነአሲዱ ነው የሚመጣው።

ወደፊት በጥቁር ባሩድ ወይም በጣም የድሮ ጥይት ከተተኮሰ ግን ዘይት ብቻ አይበቃም። የሚቀረው ቅሪት ጨው ያለበት ነው፣ ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም። በዚያው ቀን፣ ሳያድር፣ የፈላ ውሃ በሳሙና አድርገህ አፈሙዞቹን ብቻ እጠብ። ብረት በውሃ ማጠብ የሚያስደነግጠው ሰው አለ፤ ውሃው የፈላ ከሆነ ብረቱ ራሱ ይግልና ወዲያው ይደርቃል። ከዚያ ዘይት።

ብሎኖቹን አትንካ። ያ ቀጭን የብሎን አፍ ለእጅ የተሠራ ነው፣ የሱቅ ካቻቢቴ አይገጥመውም፤ አንዴ ከተላጠ ጠመንጃው ዕድሜ ልኩን የተነካካ መሆኑን ይመሰክራል። ውስጥ ያለው ስፕሪንግም ተወጥሮ የተቀመጠ ነው፣ ሳታስበው ፊትህ ላይ ይፈናጠራል።

ሰደፉ እንጨት ነው፣ ምናልባት ዋልነት። ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከጠቆረና ከላላ፣ ለዓመታት ዘይት ሲጠጣ ኖሯል። የጠመኔ ዱቄት በትንሽ ነጭ ጋዝ ለውሰህ ለጥፍበት፣ ሲደርቅ ዘይቱን ይዞ ይነሳል፣ ደጋግመው። ከዚያ የተልባ ዘይት፣ አገራችን ሞልቶ። ጥቂት ጠብታ መዳፍህ ላይ አድርገህ እጅህ እስኪሞቅ አሸው፣ የተረፈውን ጥረግ፣ ይደር፣ ድገም። መዝፈቅ አይደለም። እና የጠረግህበትን ጨርቅ ጠቅልለህ ጥግ ላይ አትወርውር። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ያለ ክብሪት ራሱ ይነዳል። ዘርግተህ አስጣው ወይም ውሃ ውስጥ ንከረው።

አቀማመጡ ላይ የድሮ ልማድ አለን፤ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ጥግ ማስደገፍ። ለረጅም ጊዜ ከሆነ ገልብጠው፤ አፉ ወደ ታች፣ ከስሩ ወፍራም ጨርቅ። ዘይቱ ወደ ሰደፉ እንዳይወርድ ነው። የቆዳ አፎት ውስጥ አታሳድረው፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ፌስታል ደግሞ ጭራሽ፤ ውስጡ ያልበዋል። ከደሴ ብርድ አውጥተህ ባቲ ቆላ ብታወርደው ብረቱ ላይ ጤዛ ሲይዝ በዓይንህ ታያለህ፣ መጥረግ ነው። ጥይት በአንድ ቁልፍ፣ ጠመንጃ በሌላ ቁልፍ፤ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።

እንበልና ሁሉን አለፈ። ማህተሙ አንበሳ አለው፣ ቤቱ ተለክቷል፣ አፈሙዙ ይደውላል፣ አይነቃነቅም፣ ፈቃዱም አለ። እንግዲያው በልኩ የሆነ፣ ለድሮ ጠመንጃ ተብሎ ቀለል ተደርጎ የተሠራ 65 ጥይት ፈልግ። ፍሬው፣ ማለትም ጥይቱ ውስጥ የታጨቁት ጥቃቅን ድብልብሎች፣ የእርሳስ ይሁን። ለዛሬ ጠመንጃ የሚሠራው የብረት ፍሬ የድሮውን አፈሙዝ ይጭረዋል፣ አፉ የጠበበውን ደግሞ ያሳብጠዋል። አንዱን ትልቅ ድብልብል ጥይትም አታጉርሰው። መጀመሪያ የሚተኮሰው በትከሻ አይደለም። ፖሊስ በፈቀደው ቦታ፣ ከአሮጌ ጎማ ጋር ታስሮ፣ በረጅም ገመድ፣ አንተ ከአፈር ግድብ ጀርባ ሆነህ ነው። ከዚያ ቀለሁን እይ፤ ከተሰነጠቀ ወይም ለመውጣት ካስቸገረ እዚያው አቁም። አንድ ጊዜ አለመፈንዳቱ ብቻውን ደግሞ ደህና ነው አያሰኝም፣ ከላይ ያሉትን ምርመራዎች አይተካም።

ሁለት ምላጭ ካለው የፊተኛው የቀኙን አፈሙዝ፣ የኋለኛው የግራውን ነው የሚተኩሰው። አብዛኛውን ጊዜ ቀኙ አፉ ሰፋ ያለ ነው፣ ለቅርብ። ግራው ጠበብ ያለ ነው፣ ትንሽ ራቅ ላለ። በጣም ጠባብ የሆነው ከ36 ሜትር ላይ ፍሬውን ከመቶ ሰባ ያህሉን 76 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ያሳርፋል፤ ጥበት የሌለው ከመቶ አርባ አካባቢ። ትልቅ ወረቀት ሰቅለህ ተኩሰህ መቁጠር ትችላለህ፣ ጠመንጃህን የምታውቀው እንደዚያ ነው። ከዚያ ርቀት በላይ ቆቅም ቢሆን አቁስለህ ነው የምትለቀው። ሁለቱን ምላጭ አንድ ላይ አትሳብ። አንዱን ስትስብ ሁለቱም ከተተኮሱ ደግሞ መዶሻውን የሚይዘው ጥርስ ተበልቷል፣ ወደ ጥገና ነው።

ሰርጉን በተመለከተ፣ አይሆንም። ይሄ ጠመንጃ ደህና ቢሆን እንኳ አይሆንም። ሰርግ ላይ ሰው ጠጥቷል፣ ልጅ ይሯሯጣል፣ ጠመንጃው ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ ደግሞ አንዱ ሲተኮስ ሌላው እንደጎረሰ መቅረቱን የሚያስታውስ የለም። አጎትህን ጭፈራው ላይ አስገባቸው፤ እስክስታውን ካወቁበት ከተኩሱ ይበልጣል።

ማሽላው ይቀራል። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መግደል በሕግ ክልክል ነው፣ ሰብል አጠፋብኝ ብለህም ቢሆን መጀመሪያ ወረዳው ግብርና ቢሮ ነው የሚኬደው። ደግሞ ደጋው ላይ ከሆናችሁ የምታየው ጭላዳ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ከሕጉም ውጭ ቢሆን ይሄ መሣሪያ ለሥራው አይሆንም። ዝንጀሮ ጠመንጃ የያዘውን ሰው ለይቶ ያውቃል፣ ከ40 ሜትር ውጭ ቁጭ ብሎ ያይሃል። ጃርት የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ሌሊት ደግሞ ማሽላ ውስጥ የምትተኩሰው ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የጎረቤትህ ልጅም ማማ ላይ ሊሆን ይችላል። ወንጭፍ፣ ጅራፍ፣ ውሻና ተረኛ ጠባቂ ይሻልሃል። ለጃርት ዙሪያውን ቦይ ቆፍር፣ ጉድጓዱን ፈልግና ድፈን።

ፖሊስ ጋር ከጨረስህ በኋላ ሦስት ፎቶ ላክልኝ። አንዱ የአፈሙዙ ስር ያሉት ማህተሞች፣ በጎን በኩል በሚመጣ ብርሃን። አንዱ ወደ መስኮት አሻግረህ የአፈሙዙ ውስጥ። አንዱ ሰደፉ ከገላው የሚገናኝበት ቦታ፣ በሁለቱም ጎን። ከቶርኖ ቤቱ ዘንግ ያነበብከውን ቁጥርም ጻፍልኝ፣ የቀኙንና የግራውን ለየብቻ፤ አንዳንዴ አይመሳሰሉም።